የሰባት ሰዓቱ መልእክት

የሞተ ሰው ሜሴጅ አይልክም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ናስራ ግን አራት ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስና ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ፣ ሽቦውንም ኮዱንም በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ወንድሜ ሁቃ ከተቀበረ በኋላ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ ጢን ሲል ከተቀመጥኩበት ብድግ እል ነበር።

ሰባት ሰዓት ስል ቀትሩን ነው። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ከሙቀቱ የተነሳ የሚንጣጣበት ሰዓት። እናቴ ካልቱማ ዙሁር ሰግዳ ስታበቃ መስገጃዋን ሳታጥፍ ስልኳን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ትጠብቃለች።

ጢን ይላል። የላኪው ስም «ሁቃ ጎልቦ» ነው፤ ጎልቦ ይሠራበት የነበረው ቦታ ነው፤ ስሙን የመዘገበላት ራሱ ሁቃ ነው። ከሥሩ አራት የፈረንጅ ፊደል አለ፤ ኤም፣ ኦ፣ ቲ፣ ኦ። እናቴ የተማረችው ሻሸመኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የፈረንጁን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ነው የምታነበው።

«ሞ... ቶ» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ትላለች። «ሞቶ ከዚያስ? ሰው ሞቶ ብሎ ያቆማል? ቀሪው የት አለ?»

በአማርኛ ሞቶ ያላለቀ ነገር ነው። ሞቶ ተቀበረ ይባላል፣ ሞቶ ተገላገለ ይባላል፣ ሞቶ እንኳ አልተወኝም ይባላል። ብቻውን ሲቆም ግን ግባም ሂድም ሳይባል ደጃፍ ላይ የቀረ እንግዳ ነው። እናቴ ልጇ በየቀኑ የሚያቋርጠውን ነገር አንድ ቀን እንዲጨርስላት የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ እሷን ማየት ያሳብደኝ ነበር።

ጎረቤታችን ቢፍቱ ወሬውን አዳረሰችው። ከኦቦ መጡ፣ ከኡራን በሎሪ ላይ ተጭነው መጡ። ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት፣ ዓይናቸው ግን ስልኩ ላይ ነው። «ፖሌ ማማ ሁቃ» ይሏታል፣ በስዋሂሊ እግዜር ያጽናሽ እንደማለት ነው፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እናቴም ሳትታክት ትነግራቸዋለች።

«ልጄ ያረፈው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ጋ ሞቶ የሚለው የገባው ግን አራት ሰዓት ላይ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ። ገና እየተነፈሰ፣ ገና ቆሞ እየሄደ ተጽፎ ነበር። ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። ማንም ሊያስቀረው አይችልም ነበር።»

«ማንም» የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጋ ነው የምትላት።

ስዋሂሊ የማያውቅ ሰው ሞያሌ ገበያ ውስጥ ጨው እንኳ አይገዛም። ሞቶ በስዋሂሊ እሳት ነው፣ ትኩስ ነው፣ የጋለ ነው። ከለቀስተኞቹ ብዙዎቹ ልብ ብለውት ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟች እናት ያነበበችውን የሚያርም ባለጌ እኛ አገር ገና አልተወለደም። እናቴ ራሷ ሠላሳ ዓመት በስዋሂሊ ሽንኩርትና ቲማቲም የሸጠች ሴት ናት። እኔ ለራሴ፣ ሐዘን ሲመጣ ሰው በተወለደበት ቋንቋ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ሌላው ከጭንቅላቷ ወጥቶባት ነው አልኩ። እንዲህ ማሰቡ ይቀለኝ ነበር። ያንን ቃል ስዋሂሊ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኛ።

ከመጀመሪያው ልናገር። የምማረው ወደ ታች፣ ከሞያሌ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። ለእረፍት ስመጣ ሰፈሩ ሁሉ የተቃጠለ ቻርጀርና የማይበራ ቴሌቪዥን ይዞ ደጃችን ይሰለፋል። «ኮምፒውተር አይደል የምትማሪው?» ይሉኛል። ቢፍቱ አንድ ጊዜ የልብስ ካውያ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀምጣልኛለች። ምን እንደምማር ጠይቆ መልሴን እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ሁቃ ብቻ ነው። ያልገባውን ያስደግመኛል፤ ከገባው በኋላ ደግሞ «ታዲያ ይህ ለግመል ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ ያናድደኛል።

ሁቃ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ጎልቦ የውሃ ጉድጓድ ሞተር ጠባቂ ሆነ። የእኔ ትምህርት የቆመው በእሱ ደመወዝ ነው። ጎልቦ ደረቅ አገር ነው። ግመሉም ከብቱም ፍየሉም ከዚያች ጉድጓድ ነው የሚጠጣው፤ ውሃውን የሚስበው ደግሞ አንድ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ ቶሎ ይግላል። ግሎ ካልቆመ ይቃጠላል፤ እሱ ከተቃጠለ መለዋወጫው እስኪመጣ ከብት ያልቃል። ስለዚህ ሁቃ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደ በሽተኛ ያስታምመዋል።

«ናስራ፣ እኔ ከምጠብቀው ያ የምትማሪው ነገር ሊጠብቅልኝ አይችልም?» አለኝ አንድ ቀን። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ እዚያች ጥያቄ ላይ ተወለደ።

የምሳ ዕቃ የምታክል ሳጥን ሠራሁ። ውስጧ ቦርድ፣ ሁቃ ጎልቦ ይጠቀምበት የነበረው ሲም ካርድና ባትሪ አለ፤ ከላይዋ ትንሽ ሶላር። ከሳጥኗ የሚወጣው ሽቦ ጫፉ ላይ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ ይታሰራል። ሙቀቱ ዘጠና አምስት ዲግሪ ሲያልፍ ሳጥኗ በየግማሽ ደቂቃው ሜሴጅ ትልክልኛለች። እኔ ደግሞ የትም ሆኜ «ዚማ» ብዬ ብልክላት፣ አጥፋ ማለት ነው በስዋሂሊ፣ ናፍጣውን ትዘጋና ሞተሩ ይቆማል። ሳጥኗ ምን ብላ ትጻፍ ብዬ ስጠይቀው ሁቃ አላመነታም።

«ሞቶ ትበል። አጭር ነው። ቦራናውም ጋብራውም ሱማሌውም ያውቀዋል።»

ጻፍኩት። በአማርኛ ምን እንደሚሆን ለሁለታችንም አልታየንም። እናታችን በአማርኛ እየቆጣች ያሳደገችን ልጆች ነን እኮ።

ፕሮጀክቴን መምህራን ፊት የማቀርብበት ቀን ደረሰ። ስለዚያ ቀን ለብዙ ሰው ተርኬአለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ነገር እያስቀረሁ ነው። የማስቀረው ነገር የዋዜማው ስልክ ነው።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ አቀርባለሁ» አልኩት ሁቃን። «ሜሴጁ እነሱ ፊት በቀጥታ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ሞተሩ ግን ያን ሰዓት ባይግልስ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ራዲያተሩን በጆንያ ሸፍነው። አየር ሲያጣ ቶሎ ይግላል። ከዚያ በኋላ አንተ ምንም አትንካ። ከዚህ ሆኜ እኔ አቆመዋለሁ፤ ማየት ያለባቸው እሱን ነው።»

ሳቀ። «ይህን ሽማግሌ ሞተር አፍነሽ ልትመረቂ?» አለኝ። ከዚያ «እሺ ዳክታሪ» አለ፤ ሐኪም ማለቱ ነው፣ ከተማርኩ ጀምሮ ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። የእማን ቁጥርም ሳጥኗ ላይ እንድጨምር ለመነኝ፤ ልጇ የሠራችውን በዓይኗ እንድታይ። እዚያው ሆኜ ጨመርኩት።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ መካከል ላይ ዶክተር ሻሮን። ከኋላቸው የክፍል ጓደኞቼ። ግድግዳው ላይ የሞተሩ ሙቀት እንደ አንድ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። ስለ ቦርዱና ስለ ኮዱ ተናገርኩ። አራት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ስልኬ ጢን አለ። ሞቶ። ክፍሉ አጨበጨበ። ሎተሪ እንደ ወጣለት ሰው ስልኬን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«አሁን ሞተሩን ከዚህ ሆኜ አጠፋዋለሁ» ብዬ ጣቴን ሳነሳ ዶክተር ሻሮን እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ አታጥፊው። መስመሩ ሲወጣ ልየው። ትንሽ ይሂድ።»

«እሺ» አልኩ።

ይህቺው ናት። እሺ አልኩ። ወንድሜ አጠገቡ ቆሟል ማለት እችል ነበር። ሞተሩ ያረጀ ነው፣ አይችልም ማለት እችል ነበር። የአራት ዓመት ልፋቴ ውጤት በሴትዮዋ እጅ ነበረና እሺ አልኩ። እሷ ያየችው መስመር ነው፤ ከመስመሩ በስተጀርባ ሰው እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ሞቶ። ሞቶ። ሞቶ። ጓደኛዬ ኬቨን ከኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥር ጀመር፤ ሌሎቹም ተቀበሉት፣ ኳስ ሜዳ መሰለ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ሙቀቱ መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል። «በቂ ነው» አለች ዶክተር ሻሮን። ዚማ ብዬ ላክሁ። ሞተሩ ወዲያው ቆመ። ሁለተኛ አጨበጨቡ። ኤ ሰጡኝ።

ማንኛውም የሞያሌ ሎሪ ሹፌር የሚያውቀውን እኔ አላሰብኩትም። በጣም የጋለ ሞተር በድንገት አይጠፋም። ሲጠፋ ውሃውን የሚያዞረው ነገር አብሮ ይቆማል፤ ብረቱ የያዘው ሙቀት ሁሉ በቆመው ውሃ ላይ ይወርድበታል፤ ውሃው ይፈላል። ሁቃ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ግን ምንም አትንካ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም እኔ ነኝ። ሞተሩ ሲቆም ጆንያውን ሊያነሳ ተጠጋ። የራዲያተሩ የውሃ ቱቦ ፊቱና ደረቱ ላይ ፈነዳ።

አብረውት የሚሠሩት ምዜ ሀላኬ፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሁሉ ምዜ ነው፣ በሞተር ሳይክል ከኋላቸው አስረው ወደ ሞያሌ ይዘውት መጡ። መንገዱ መንገድ አይደለም። ከተማው ሳይደርሱ ስድስት ሰዓት ላይ አረፈ። እኔ ያን ሰዓት ለጓደኞቼ ሶዳ እየጋበዝኩ ነበር። ቢፍቱ ስትደውልልኝ የእንኳን ደስ ያለሽ ስልክ መስሎኝ «ሰማሽ?» ብዬ ነው ያነሳሁት።

በማግስቱ ስደርስ ተቀብሯል። አደጋ ነው አሉ። ጆንያውስ ያለ ሰው ነበር፤ ለአቧራ ነው ተባለ። ማንም ለእኔ ጥያቄ አላቀረበም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም።

በሰባተኛው ቀን የእናቴ ስልክ ቀትር ላይ ጢን አለ። ሁቃ ጎልቦ። ሞቶ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጮኹ፤ ቢፍቱ የያዘችውን ጀበና ጣለችው። እኔ ራሴን ይዤ ወጣሁ። ከጓሮ ሆኜ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የፈላው ውሃ የሴንሰሩን ሽቦ ልጦታል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲያግለው ሽቦው ለአፍታ ይላቀቃል፤ ሳጥኗ ያንን ከመጠን ያለፈ ሙቀት አድርጋ ትቆጥረውና ትጽፋለች። ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል። በቃ፤ ይህ ነው።

ከስልኬ አንድ ትእዛዝ ብልክ ሳጥኗን ዝም ማሰኘት እችል ነበር። አላደረግሁትም። እናቴ ስትጠብቅ እያየሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እጠብቅ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ የያዝኩትን ሥራ ትቼ እናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከስሙ ሥር ያለችውን ቃል የጻፍኳት እኔ መሆኔን እያወቅሁ፣ አንዳንድ ቀን በልቤ «አቤት» እላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ሆነ። ያልተለመደ ቀን ነበር፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ነፈሰ፣ ሰው ሹራብ ለበሰ። ጎልቦ ለሚኖር ጓደኛዬ ደውዬ ጠየቅሁ፤ እዚያም ደመና ነው፣ እንዲያውም ያካፋል አለኝ። እንግዲህ ዛሬ አይመጣም አልኩ። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ሰባት ሰዓት ላይ ጢን አለ።

ለዚያ ማክሰኞ አሥር ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ እርጥበት፣ የደከመ ባትሪ፣ የኔትወርክ መዘግየት። በአንዱም አላመንኩም። እናቴ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ «ሞቶ ከዚያስ?» ስትለኝ የሁቃን ድምፅ በሁለቱም ጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ። በማግስቱ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ተሳፍሬ ጎልቦ ሄድኩ።

ለጉድጓዱ ሌላ ሞተር መጥቶለታል፤ በሌላ ዳስ ሥር ያጓራል። አሮጌው ግን እዚያው እንደ ነበረ ተቀምጧል፤ የእኔ ሳጥን ጎኑ ላይ ታስራ፣ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች። ግመሎቹ በዚያ በኩል አያልፉም። እውነት ይሁን የእኔ ፍርሃት እንጃ።

ምዜ ሀላኬ ከገንዳው አጠገብ ተነስተው መጡ። «ነጋ?» አሉኝ፣ ሰላም ነሽ ማለታቸው ነው። «ነጋያ» አልኳቸው።

«እኛ አልነካናትም» አሉ ሳጥኗን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ልጆቹ ሁቃ ውስጧ አለ ይላሉ። ራቢ ያውቃል።» ፈጣሪን ማለታቸው ነው።

መፍቻዬን አውጥቼ ተንበረከክሁ። ብሎኑ ዝጓል። የተላጠውን ሽቦ አገኘሁት፤ ልክ እንደ ገመትኩት ነው፣ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ግምቴ እውነት ሲሆን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እጄ ሳጥኗ ላይ እንዳለ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጢን አለ። ሰዓቱን አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም።

«ምዜ» አልኳቸው ቀና ሳልል፤ «ሁቃ መንገድ ላይ ምን አለዎት?»

«ውሃ ስጡኝ አለኝ» አሉ። «ከዚያ ደግሞ፣ ሠርቷል ወይ አለኝ።»

«ምኑ?»

«የእህቴ ነገር ሠርቷል ወይ አለኝ። ፊቱ እንዲያ ሆኖ። ሠርቷል አልኩት። እኔ ምን አውቄ፤ ግን ሠርቷል አልኩት።»

ግንባሬን የቀዘቀዘው ሞተር ላይ ደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ሰው ፊት አልቅሼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ግን አላለቀስኩም። ምዜ ሀላኬ ሁሉንም እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ለእናቴ ነግረዋት እንደሆነ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የሳጥኗን ባትሪ ነቅዬ በሻሼ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

በማግስቱ እናቴ ዙሁር ሰግዳ ተቀመጠች። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ከሩብ ሆነ። ስልኩን አንስታ አራገበችው፣ አጥፍታ አበራችው።

«ኔትወርክ የለም?»

«አለ እማ።»

ሰባት ተኩል ሆነ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ቦርሳዬን ከፍቼ ሳጥኗን መስገጃው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት» አልኩ። «ሁቃ አይደለም የሚልክልሽ። የተበጠሰ ሽቦ ነው። ቃሉም አማርኛ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ሞተሩ ጋለ ለማለት ነው። ጆንያውን እኔ ነኝ አልብሰው ያልኩት፣ ለፈተናዬ። ምንም አትንካ አልኩት። ሳጥኗ አቁሚው ስትለኝ ሳይሆን መምህራኑ አታጥፊው ሲሉኝ ሰማሁ። አምስት ደቂቃ እማ። እያጨበጨቡልኝ።»

ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ እናቴ አልጮኸችም። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሳጥኗን በጣቷ ትንሽ ገፋ አደረገቻት።

«ጆንያውን አውቃለሁ» አለች። «ሀላኬ የቀብሩ ዕለት ነግሮኛል።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ሞቶ እሳት መሆኑንስ የማላውቅ መሰለሽ? ሠላሳ ዓመት እዚህ ገበያ ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የሸጥኩት? ሁቃ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ዛሬ የናስራ ሥራ ስልክሽ ላይ ይገባል፣ ጠብቂ አለኝ። ሲገባ በስዋሂሊ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያው ሲገባ እልል አልኩ። ሁለተኛው ሲገባም እልል አልኩ። ቢፍቱን ጠይቂያት፤ ሽንኩርቴን ትቼ አሥራ አንዴ እልል ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«በስዋሂሊ ካነበብኩት ሁለት ልጅ ነው የማጣው» አለች እናቴ። «በአማርኛ ካነበብኩት አንድ።»

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ አታብሰውም።

«በየቀኑ ከዚያስ ስል እሱን የምጠይቅ መሰለሽ? የሞተ ሰው ምን ይመልሳል። አንቺን ነበር የምጠይቀው። አንድ ወር ሙሉ ዓይንሽን እያየሁ።»

ላቅፋት ተጠጋሁ። እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ፤ አልገፋችኝም፣ ግን አስቆመችኝ።

«አሁን አይደለም» አለች። «ለእኔ ነግረሽኛል፤ ይበቃል። ለሰው አትንገሪ። ሰው ቀደርን ይቅር ይላል፤ ሰውን ግን አይልም። አንቺ ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ ገና ትኖሪያለሽ።»

ደጅ ላይ የሰው ድምፅ ተሰማ። ቢፍቱ ናት፤ ከኡራን በዕለቱ ሎሪ የመጡ ሦስት ሰዎችን አስከትላለች። አንዷ ምርኩዝ የያዙ፣ እኛ አኮ የምንላቸው፣ አያት የሆኑ ሴትዮ ናቸው። «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» እያሉ ገቡ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ሳጥኗን በመስገጃው ሸፈነቻት። ተቀመጡ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ እንደ ሁሉም ሰው ዝም ብለው ጠበቁ።

እናቴ እንደ ልማዷ ጀመረች። «ያረፈው ስድስት ሰዓት ላይ ነው...» አለችና አቋረጠች። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«ዓይኔ ደክሟል። አንቺ አንብቢላቸው።»

ተቀበልኳት። የአራት ሰዓቱን መልእክቶች ከፍቼ ተራ በተራ አነበብኩ። ከአራት ሰዓት ከአምስት ጀምሮ፣ ሰዓቱንና ቃሉን፣ ሰዓቱንና ቃሉን። አሥራ አንዱንም። በየመካከሉ የእናቴ እልልታ ይሰማኝ ነበር። ስጨርስ አኮ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጆሯቸውን ወደ እኔ አቀረቡ። ገጠር የኖሩ ሴት ናቸው፤ የከተማውን ጨዋነት ማን አስተምሯቸው።

«ሞቶ?» አሉ። «ሞቶ እሳት አይደለም እንዴ? ኪስዋሂሊ አይደለም?»

ቢፍቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሌሎቹ ሁለት እንግዶች ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ ሳል አለ። እናቴ ግን ቀጥ ብላ እኔን ነው የምታየው። አልለመነችኝም፤ አላስፈራራችኝም። ምን እንደምል ብቻ ትጠብቃለች።

«አይ አኮ» አልኩ። «አማርኛ ነው።»